እማዬን አንሳልኝ

ምናሉ የፀዳልን እናት አነሳቸው። ፀዳል የጠየቀችውም እናቷን እንዲያነሳቸው ነበር። ነገሩ የተበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

አማርኛ የማያውቅ ሰው ታዲያ ምን ተበላሸ ይላል። እኛ ግን ሳህን ከጠረጴዛ እናነሳለን፤ ፎቶም እናነሳለን፤ የሰው ስምም በሌለበት እናነሳለን። ለሁሉም ያለን አንድ ቃል ነው። ፀዳል ሳህኑን አስባ ጻፈች፤ ምናሉ ፎቶውን አስቦ አነበበ።

መልእክቱ ይኸው፦ «መጨረሻው ላይ እማዬን አንሳልኝ። ከቅዳሜ በፊት።» «ከመጨረሻው» ማለት ነበረባት። «ከ»ን ዋጠቻት። ቀይ መብራት ላይ ቆማ ነው የጻፈችው፤ ፀዳል ሁሉንም ነገር የምትጽፈው ቀይ መብራት ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ እናቷ ፊልሙ ውስጥ የነበሩት ፎቶግራፍ ሆነው ነው። ፀዳል ለማስተርስ መመረቂያዋ የሠራችውን ዘጋቢ ፊልም በእናቷ የወጣትነት ፎቶ ዘግታው፣ በማግስቱ ስታየው አፈረች። ለቅሶ ቤት መሰላት። ፊልሙ ስለ አምብሮዝ ኬል እንጂ ስለ እናት አይደለም።

ኬል ሆሊውድ ገና የፍራፍሬ እርሻ ሳለ እዚያ የደረሰ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ያኔ ካሜራ ሞተር የለውም። ፊልሙን የሚያስኬደው እጀታውን የሚያዞረው ሰው ነው፤ እጁ ከፈጠነ ተዋናዩ ይንቀረፈፋል፣ ከዘገየ እንደ ዶሮ ይሮጣል። ኬል ፔዳል ሲያዞር የኖረ እጅ ስለነበረው ቀጠሩት። ፈረሰኛ ከገደል ሲወድቅ እሱ አጠገቡ ቆሞ፣ እጁ እንዳይስት የሰልፍ ማርሽ ዜማ እያፏጨ ያዞር ነበር ይባላል።

ከዚያ ቬራ ሎንግ መጣች። የዚያን ዘመን ፊልም ሰማያዊን ነጭ አድርጎ ነበር የሚያሳየው፤ ዓይነ ሰማያዊዋ ቬራ በመጀመሪያው ሙከራ ዕውር መስላ ወጣች። ባለ ስቱዲዮዎቹ ሊያሰናብቷት ሲሉ ኬል ሰፊ ጥቁር ከፋይ ገዛ። መሐሉን ቀዶ የካሜራውን ዓይን በቀዳዳው አወጣና ራሱ ከጨርቁ ኋላ ቆመ። የከፋዩ ጥቁረት ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ዓይኗ ጠለቀ። ሰው ሁሉ ስለዚያ ዓይን አወራ። ስለ ከፋዩ ያወራ የለም። የኬል ስምም በፊልሞቹ ላይ አልተጻፈም። ቬራ እንኳ ሰውየውን ከጨርቁ ኋላ ስለማታየው በስሙ አትጠራውም ነበር። «ካሜራ፣ ዝግጁ ነህ?» ነበር የምትለው።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ፣ የካሜራው ጫጫታ እንዳይሰማ ቁም ሳጥን በምታህል ዝግ ክፍል ውስጥ ተቆለፈበት። ኬልም አብሮት ተቆለፈ። ሳንባው ተበላሸ። ሐኪሞቹ ለአየሩ ሲሉ ወደ ዴንቨር ሰደዱት፤ ዛሬ ሎውሪ በሚባለው ሰፈር በነበረ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ውስጥ በሽተኞችን ፎቶ እያነሳ ሞተ። ስለ ቬራ ሲጠይቁት የመለሰው ይህን ብቻ ነው፦ «ዓይኗ ሰማያዊ ነበር። ያንን ያየሁት እኔ ነኝ።»

ፀዳል ይህን ዓረፍተ ነገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስታገኘው ደነገጠች፤ ከዚያ ለፊልሙ እንደሚጠቅማት አሰበች። እንደዚህ ያለች ሰው ናት።

ካሜራውን የያዘላትም፣ ፊልሙን ያቀናበረላትም ምናሉ ለገሠ ነው። ምናሉ በሥራ ቀን ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ የሐበሻ ሠርግ ያነሳል። የተገናኙት በጓደኛዋ ሠርግ ነው። ፀዳል ሚዜ ሆና ቆማ፣ ካህኑ ሲመክሩ አፏን ከፍታ ስታዛጋ አነሳት። ቪዲዮውን ለሙሽሮቹ ሲያስረክብ ማዛጋቷን ቆርጦ አወጣና ለእሷ ለብቻዋ ላከላት፤ «ይህ የእርስዎ ንብረት ነው» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱንም ዓመት ወደ ቤት ሲሸኛት ሰፈሯ ግሪን ቫሊ ራንች መግቢያ ላይ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ያወርዳታል። ከእሷ ጋር በሯ ድረስ ሄዶ አያውቅም።

አባቷ አቶ ፍቅረሥላሴ አዲስ አበባ ኢንጂነር ነበሩ፤ እዚህ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት አላቸው። ሠርግ ላይ ካሜራማን ፊታቸው ሲቆም «ይሄ ሥራ ፈት ሙሽራውን ከለለን» ማለት ይወዳሉ። ፀዳል ይህን ስትሰማ አብራ ትስቃለች። ባለፈው ፋሲካ ምናሉ «ሽማግሌ ልላክ፤ መጀመሪያ አንቺ አንሺላቸው» አላት። በሳምንቱ ተመልሳ «አነሳሁት። አባዬ እምቢ አለ። ትንሽ እንታገስ» አለችው። ታገሰ።

አሁን ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ሠርግ ስለሌለ ምናሉ ጊዜ ነበረው፤ ለፊልሙ ጥቁር ከፋይ ሳይቀር ገዝቶ እንደ ኬል መሐሉን ቀዶታል። የፀዳልን እናት ፎቶ ባየ ጊዜም «በሕይወት ያሉ ሰው ናቸው እኮ፤ ለምን በፎቶ? እኔ ላንሳቸው» ብሏት ነበር። «እስቲ ላስብበት» አለችው። ስለዚህ መልእክቷ ሲደርሰው አሰበችበት ብሎ ነው የተረዳው። ሌላም ነገር ተረዳ፦ ወደ ቤቷ ላከችው፤ የተዘጋው በር ተከፈተ ማለት ነው። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ከፋዩን ጠቅልሎ ሄደ።

የቀረጸውን ሲልክላት «መጨረሻውን እዪው። ካልፈለግሽው አሁኑኑ ንገሪኝ» ብሎ ጻፈ።

ፀዳል ቀይ መብራት ላይ ነበረች። «አሪፍ ነው» አለችው። አላየችውም።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሮራ ውስጥ የተከራዩት አዳራሽ ሞልቷል። የኮሚኒቲው ሰው ኪዳኔ ማይክሮፎኑን ይዞ «የራሳችን ልጅ፣ የራሳችን ፊልም» እያለ ይመላለሳል። አቶ ፍቅረሥላሴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ከጎናቸው። ምናሉ ከኋላ ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ ጋ ነው። ሱፍ ለብሷል። ፀዳል ሱፍ ለብሶ አይታው አታውቅም፤ ምን ነካው አለች በልቧ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፈገግ አለላት፤ እሷም ሰው እንዳያይ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ፊልሙ ጥሩ ነው። ኬል እጀታውን አዞረ፤ ቬራ ከፋዩ ውስጥ ተመለከተች፤ ሎውሪ ላይ በረዶ ወረደ። «ያንን ያየሁት እኔ ነኝ» የሚለው ሲነበብ ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ» አለች። ፀዳል አበቃ ብላ ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ፊልሙ አላበቃም።

እናቷ ብቅ አሉ።

ፎቶ አይደሉም። የገዛ ቤታቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የበረዶው ብርሃን በግማሽ ፊታቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸው ደግሞ ፀዳል በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ጥልቅ ዓይን ነው።

«ጥቁር ጨርቅ ለምንድን ነው?» ይላሉ ማያው ላይ። «ሰው ሞቷል እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ።

«ዓይንዎ እንዲታይ ነው፣ እትዬ» ይላል ከካሜራው ኋላ ያለ ድምፅ።

«ዓይኔንማ ሐኪሙም አላየልኝ፤ መነጽር ቀይሪ ብቻ ነው የሚለኝ።» ሳቁ ደገመ። ከዚያ ወይዘሮ አረጋሽ ወደፊት ዘንበል አሉ። «አንተን ግን ማን ልበል ልጄ?»

«ምናሉ።»

ካሜራው ፊታቸው ላይ ነው። ምናሉ ስሙን ብሎ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ ፊታቸው ግን ያው ደግ ፊት ነው። ስሙ ምንም አላንቀሳቀሰበትም።

«ምናሉ… ከፀዳል ጋር ትማራለህ?»

«አብረን እንሠራለን።»

«ቆያችሁ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ። «አንድ ቀን እንኳ አንስታህ አታውቅም እኮ።»

አሁን የሳቀ የለም። ካሜራው አልተንቀሳቀሰም። ማያው ላይ እናቷ፣ ልጅ ታሞ ግንባሩን እንደሚዳስስ ሰው ባለ ድምፅ ጠየቁ።

«ምኗ ነህ?»



«እሱን እሷ ትንገርዎት፣ እትዬ።»

ማያው ጠቆረ። መብራት በራ።

ፀዳል የራሷን ፊልም መጨረሻ ከሰው ጋር እኩል ነው ያየችው። ኪዳኔ ግራ እየተጋባ ማይክሮፎኑን ሰጣት። ጭብጨባው ተጀምሮ ቆመ፤ ሰው መጨረሻው ገና መስሎታል። ከመሐል ወይዘሮ አፀደ፣ በየሠርጉ መጀመሪያ የሚጨፍሩት፣ ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ታዲያ ምኗ ነው? ንገሪንና እንረፍ!»

«ተይ አፀዱ፣ ፊልም ነው!»

«ፊልምም ቢሆን ይለይለት!»

ሳቅ ሆነ። ፀዳል ከኋላ ያለውን ሰው አየችው። ምናሉ ቆሟል። ክራቫቱን በአንድ እጁ ይዟል፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሱፉ ገባት። ሳምንቱን ሙሉ «አሪፍ ነው» ያለችውን ቃል ተሸክሞ እንደዞረ፣ ዛሬ በሰው ፊት ልትጠራው መስሎት ለብሶ እንደመጣ ገባት። ከፊት አባቷ ቀስ ብለው ዞረው ወደ ኋላ ይመለከታሉ።

«ይቅርታ» አለች በማይክሮፎኑ። «የቴክኒክ ስህተት ነው። ያ ክፍል መግባት አልነበረበትም።»

«ልጁስ ማነው?» አሉ አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ያለ ማይክሮፎን።

«ካሜራማኑ ነው፣ አባዬ።»

ምናሉ ክራቫቱን ለቀቀው። ጎንበስ ብሎ የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀለና በክንዱና በመዳፉ መሐል መጠቅለል ጀመረ፣ በዝግታ፣ አንዱን ዙር በአንዱ ላይ እያስተካከለ። ቀና አላለም። ሰው አልፎ አልፎ እያጨበጨበ ሲወጣ ፀዳል እጆቹን ብቻ ታይ ነበር፤ ያ ገመድ መቼም እንዳያልቅ ፈለገች።

* * *

ፓርኪንግ ላይ ደረሰችበት። በረዶው እርጥብ ነው። ምናሉ ሣጥኖቹን ቫኑ ውስጥ አስገብቶ ጨርሷል።

«ሳትነግረኝ እናቴ ቤት ትሄዳለህ?» አለች። ይቅርታ ልትል ነበር የመጣችው፤ የወጣው ግን ይህ ነው።

ስልኩን አውጥቶ መልእክቷን አሳያት። አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«አንሳልኝ ያልኩህ እኮ አውጣት ማለቴ ነው! ፎቶዋን አውጣ! አርቲስቲክ አይደለም ብዬህ አልነበር?»

ምናሉ አያት። ከዚያ ሳቀ፤ እውነተኛ ሳቅ ነው፣ ግን አጭር።

«አውጣት» አለ። «እንግዲያው ተሳስቻለሁ። አይ አማርኛ!»

«ያንንስ ለምን ፊልሙ ውስጥ ጨመርከው?»

«ልኬልሽ የለ? ካልፈለግሽ ንገሪኝ አልኩ። አሪፍ ነው አልሽ።»

«አላየሁትም።»

«አላየሽውም» ብሎ ደገመው። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ፀዱ። መኪና ስነዳ ብቻዬን እስቅ ነበር። በሰው ፊት ልትጠራኝ ነው ብዬ። ፀጉሬን ሁለቴ ተቆረጥኩ።»

«ምናሉ…»

«ቆይ፤ እሱ ይሁን። ቃሉ ነው ያሳሳተን እንበል። በፋሲካ አነሳሁት ያልሽኝስ? እሱስ የትኛው ማንሳት ነው?»

ፀዳል የመኪና ቁልፏን ታገላብጣለች።

«እናትሽ ስሜን አያውቁትም። ስሜን ነገርኳቸውና ጠበቅኩ፤ ይቆጣሉ፣ በሩን ያሳዩኛል ብዬ። ‹ከፀዳል ጋር ትማራለህ?› አሉኝ።» የቫኑን በር ተደገፈ። «አባትሽ አንድ ጊዜ እኔ ቫን ውስጥ ገብተዋል፤ ነግሬሽ አላውቅም። ከኤርፖርት። ከኋላ ተቀምጠው እስከ ቤት ስልክ ያወራሉ። በመስታወቱ ልያቸው አልደፈርኩም። አውቀውኝ የናቁኝ መስሎኝ። ሲወርዱ ‹እግዜር ይስጥህ ልጄ› አሉኝና ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ እምቢ ያለኝ ሰው እንዴት ልጄ ይለኛል ብዬ። ለካ ሰውየው እምቢ አላለኝም። ለካ እኔን አያውቁኝም።»

«ጊዜ ፈልጌ ነው እንጂ…»

«ጊዜውንማ ሰጠሁሽ። ለእኔ የነገርሽኝ ግን የሳቸውን እምቢታ ነው። እምቢታው የኔ ነው ብትይኝ፣ አፈርኩብህ ብትይኝ፣ ያው አለቅስና ይወጣልኛል።»

«አላፈርኩብህም።»

«እህ?» አለ። «ታዲያ እኔ ማነኝ? ካሜራማኑ?»

አጠገባቸው ያለ መኪና ጡሩንባ ነፋ። ወይዘሮ አፀደ መስኮት ከፍተው «ልጆች፣ ብርድ ነው፣ ተጣልታችሁ ስታበቁ ቤት ግቡ!» ብለው አለፉ። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ምናሉ ቫኑን አስነሳ። ፀዳል ቁልፏ እጇ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ቆመች። ያናደዳት ትክክል መሆኑ ነው፤ መናደዷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

* * *

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘግይታ ቤት ስትገባ፣ በሩ ሥር የማታውቀው የወንድ ጫማ አየች። ጫማው በሥርዓት፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ምናሉ ሳሎን ውስጥ በካልሲ ተቀምጧል። አባቷ ከፊት ለፊቱ። እናቷ ከኩሽና የምስር ሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ፣ ሳትጠይቃቸው። «ያን ቀን ስልኩን ተቀብዬዋለሁ። ያን ጨርቁንም ረስቶት ሄዷል። ሳምንቱን ሙሉ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩሽ። ስታልፊ ስታገድሚ አየሁሽ። ዝም አልሽ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ መምጣቱን አላወቅኩም…»

«ተቀመጪ» አሉ አባቷ።

ተቀመጠች። አቶ ፍቅረሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቋንቋቸው ስብሰባ ላይ የሚናገሩበት ቋንቋ ነው።

«እንግዲህ ወጣቱ ሥራውን ነግሮኛል። ሹፌር ነው፤ ሠርግም ይቀርጻል። ሐቀኛ ይመስላል። እኔን አሳፍሮ ያስወጣኝ ግን ትናንት ሕዝብ ፊት የሆነው ነው። ምንድን ነው ነገሩ?»

ምናሉ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ፋሲካ የተሰጠኝን መልስ አክብሬ መቆየት ነበረብኝ። ቤትዎ መምጣት አልነበረብኝም።»

«የምን መልስ?»

ፀዳልን ሊሸፍን የተናገረው ቃል እንዳጋለጣት አሁን የገባው መሰለ፤ ያላሰበውን በር እንደነካ ሰው ወደ ፀዳል ዞረና መልሶ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ አደረገ። መልሱን ለእሷ ተወው።

ፀዳል እንደ ትናንቱ የምትይዘው ማይክሮፎን የለም።

«እምቢ ብለሃል ብዬ ነግሬዋለሁ፣ አባዬ።»

«ለምኑ?»

«ሽማግሌ ልላክ ሲል። ጠየቅኩት፣ እምቢ አለ አልኩት። አልጠየቅኩህም።»

አቶ ፍቅረሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩ ሁሉ አዩዋት።

«ያልተጠየቅኩትን እምቢ አልኩ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ታፍርበታለህ ብዬ…»

«እሱ ነው የሚያፍርበት?» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ ከኩሽናው በር ላይ። ድምፃቸው አልጠነከረም። አላስፈለገውም።

ፀዳል እጆቿን አየች። ስለ አንድ ሰው ብቸኝነት ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፋለች፤ የኬልን ስም ያልጠራችውን ቬራን በፊልሟ ውስጥ ስትወቅስ ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«አይ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ያፈርኩት እኔ ነኝ።» ቀና አለች፤ አባቷን ሳይሆን ምናሉን እያየች። «ምናሉ ለገሠ ይባላል። ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ሠርግ ያነሳል። ሳዛጋ አንስቶኛል። እወደዋለሁ። ላገባው እፈልጋለሁ። ይህን ባለፈው ፋሲካ ማለት ነበረብኝ፤ ትናንትም ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ነው ያልኩት።»

ምናሉ አልተንቀሳቀሰም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ብቻ ይመታል።

«እንግዲያው አሁን ጠይቂኝ» አሉ አባቷ።

«አባዬ?»

«አልጠየቅኩህም አላልሽም? ጠይቂኝ።»

«ሽማግሌ ይላክ?» አለች። ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጠነ።

አቶ ፍቅረሥላሴ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። ረጋ ብለው ነው የወለወሉት።

«መልሴን አንቺ ሰጥተሽዋል» አሉ። «በስሜ። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ እምቢ ያለ አባት ሆኜ በዚህ ልጅ ልብ ውስጥ ኖሬአለሁ። ይሁን። የሰጠሽውን አልቀይረውም።»

«ፍቅሬ!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

«እምቢ ብያለሁ። ከእንግዲህም በዚህ ቤት ስሙ አይነሳ።»

ውጭ የጎረቤት በረዶ መጥረጊያ ሲሚንቶውን ይፍቃል። ፀዳል አባቷን ለመጥላት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ያ ቃል የሷ ቃል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የዋሸችው ዛሬ እውነት ሆነ፤ አባቷ ያደረጉት መፈረም ብቻ ነው።

ምናሉ ተነሳ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ። «ከራስዎ አፍ ስለሰማሁት።» ወደ ወይዘሮ አረጋሽ ሄዶ ጎንበስ አለ። እሳቸው ምስሩን አስቀምጠው ጥቁሩን ከፋይ አመጡለት፤ አጥበው፣ እንደ ጋቢ አራት ማዕዘን አጥፈውታል። በሁለት ክንዱ ታቀፈው። ጫማውን አጎንብሶ መሳብ ስላልቻለ በእግሩ አስተካክሎ አጠለቀው፤ ተረከዙን ረገጠው።

በፀዳል በኩል ሲያልፍ ቆመ። ፊቱ ላይ ይቅርታ የለም፤ ቁጣም የለም። ከፋዩን እንደታቀፈ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ሰማሁሽ» አለ።

እናቷ በሩን ከፈቱለት። ወጣ። እጆቹ በጨርቁ ስለተያዙ መልሶ አልዘጋውም፤ ወይዘሮ አረጋሽም መያዣውን ለቀው፣ ባለቤታቸውን ሳያዩ፣ ወደ ኩሽና ተመለሱ። በሩ ተበርግዶ ቀረ። ብርዱ ምንጣፉ ላይ ገባ። በክፍተቱ ውስጥ የምናሉ ጀርባ ይታያል፤ ቫኑን ፓርክ ያደረገው እዚህ ደጃፍ ላይ አይደለም። እንደ ልማዱ የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ነው። እስከዚያ ድረስ በእግሩ ሊሄድ ነው፣ በረዶ ላይ፣ ተረከዙ በተረገጠ ጫማ።

አቶ ፍቅረሥላሴ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«በሩን ዝጊው» አሉ። «ብርድ ገባ።»

ፀዳል ተነሳች። ኮቷ ወንበሩ ላይ ነው፤ አልወሰደችውም። እስከ በሩ ሄደች፤ ደፉን ተሻገረች፤ መያዣውን ይዛ ሳበችው።

ዘጋችው። ከውጭ።